ብርዱን ማን ሸጠልኝ?

ጅቡቲ ሙቀቱ ሲገባ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈራችን ሰው የሚጠያየቀው ስለ ጤናው ሳይሆን ስለ ክሊሙ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣውን እንዲህ ነው የምንጠራው። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ፤ የእናቴ ልብ ይህን ሙቀት አይችልም፤ ወይ ክፍሏ ይቀዝቅዝ፣ ወይ ሐረር እህቴ ዘንድ ትሂድ። እናቴ ደግሞ "ባሌ ከተቀበረበት ከተማ ንቅንቅ አልልም" አለች።

ስለዚህ ክሊም ገዛሁ። ባለሱቁ "ግድግዳ ላይ መስቀሉም በእኔ ነው" ብሎ ቴክኒሻን ላከልኝ። ሰውዬው አንዱን ብሎን ደህና አድርጎ አሰረ። ሁለተኛውን ሲጀምር የዕለቱን ጫት የሚያመጣው መኪና ጥሩንባ ተሰማ። ከዚያ ጥሩንባ በኋላ በዚህ ከተማ ሥራ ሲሠራ ያየ ሰው ካለ ይመስክር። ብሎኑን አንድ ጊዜ አዙሮ በረረ። ክሊሙ እጅ እንደሚነሳ ሰው ወደ አልጋው ጎንበስ አለና ውሃውን እናቴ ትራስ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር።

"እኔ የሸጥኩት ጉልበቴን ነው፤ የምታፈሰው ማሽኗ ናት" አለኝ ቴክኒሻኑ።

"እኔ የሸጥኩልሽ ዕቃ ነው እህቴ፤ ዕቃዬ ይኸው ይበርዳል" አለኝ ባለሱቁ። "መስቀሉ ምርቃት ነው። ለምርቃት ዋስትና አለ እንዴ?"

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ያውም ጫት ከደረሰ በኋላ፣ በእኛው ሳሎን። የገዛሁት ዕቃ ነው ወይስ ሥራ? ልብስ ሰፊ ጨርቁን ራሱ ካመጣ የሚሸጠው ልብሱን ነው ስፌቱን? ምግብ ቤት የሚሸጠው ሩዙን ነው ወጥ ቤቷን? እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ከመካከላቸው ተነስቶ ብሎኑን ያየ አልነበረም። ክሊሙ እንዳያንጠባጥብባት ስለተዘጋ ጓዳ እናቴ በካርቶን ታራግባለች።

በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ፈረዱ፤ "ሽያጭ ነው! ዕቃው ይቀየር።" እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ባለሱቁ ቃሉን አክብሮ በማግስቱ አዲስ ክሊም ላከ። ያው ቴክኒሻን በዚያው ብሎን ላይ ሰቀለው። "ኧረ ብሎኑን አጥብቀው!" ብዬ ጮህኩ።

"ሥራ አልገዛሽም ተብሎ ተፈርዶብሻል እኮ" አለኝ።

አዲሱም ጎንበስ ብሎ ያንጠባጥብ ጀመር። እኔ ለይግባኝ ሽማግሌ ስፈልግ፣ ከጠብታው ሸሽታ ሳሎን የወጣችው እናቴ በሙቀቱ ራሷን ስታ ወደቀች። እህቴ ከሐረር መጥታ ወሰደቻት። ስትወጣ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በማግስቱ ከጎረቤት መፍቻ ተውሼ ወንበር ላይ ወጣሁና ብሎኑን ራሴ አጠበቅኩት። ሻይ ለማፍላት የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። ጠብታው ቆመ። በንዴት መፍቻውን ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

ማታ እናቴ ደወለች።

"ክሊሙ ሠራ ወይ?"

"ይበርዳል፣ እማዬ።"

"እንግዲያው አልጋዬ ላይ አንቺ ተኚበት፣ ልጄ" አለችኝ።

እስከ ዛሬ አልተኛሁበትም።