የአያ ታፈረ ምራቅ

ትናንት ረፋድ ላይ አያ ታፈረን ከእስር ሲወጡ ልቀበላቸው ሄጄ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከጅጋ አለፍ ብሎ ባለው ገጠር የተጣላ የሚያስታርቁ፣ መንገደኛውን ሁሉ ሳይመርቁ የማይሸኙ ሽማግሌ ናቸው። ሰባት ወር ታስረው ወጡ። ያሳሰርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ ማለት ይቻላል...

ነገሩ እንዲህ ነው። አስማረ የሚባል የሰፈራቸው ጎልማሳ በሬ ሊገዛ ወደ ቡሬ ሲሄድ መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ፖሊስ በሟቹ ኮት ኮሌታ ላይ የደረቀ ምራቅ አገኘ። «የቀበሌው ወንድ ሁሉ ምራቅ ይስጥ፣ አዲስ አበባ ተልኮ ይመረመራል» ተባለ። ሽማግሌዎቹ አልተዋጠላቸውም። «እንዳባቶቻችን አውጫጭኝ እንቀመጥ። አገሩ ተሰብስቦ ይማማል፣ ገዳዩም ይወጣል» አሉ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሕግ አውቃለሁ ባይ! ለዚሁ ነገር በተጠራው ስብሰባ መሀል ብድግ ብዬ «አያ፣ ሳይንስ አይዋሽም። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? እርስዎ ይቅደሙና ሌላው ይከተል» አልኳቸው።

ምራቅ ሰጪ ሁሉ የሚፈርምበት የስምምነት ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ይዤ ያስፈረምኳቸውም እኔው ነኝ። ምን እንደሚል አላነበብኩላቸውም... ለራሴም አላነበብኩትም። አያ አፋቸውን ከፍተው ሰጡ፣ ሌላውም ተከተላቸው።

ውጤቱ መጣ። ኮሌታው ላይ ያለው ምራቅ የአያ ታፈረ ነው ተባለ!

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አያ ሲመርቁ «እንትፍ፣ እንትፍ» ካላሉ ምርቃቱ የደረሰ አይመስላቸውም። አስማረም የዚያን ቀን ማለዳ ጎንበስ ብሎ ተመርቆ ነው የወጣው። ምራቅ ስጡ ስንባል ይህ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። የየቀኑን ምርቃት ማን ይቆጥራል?

መርማሪው ያገሩ ልጅ ነው፤ እሱም በምርቃት ያደገ። ግን እንዲህ ጠየቃቸው፦

«ምራቅዎ ሟቹ አንገት ሥር ምን ይሠራል?»

«መርቄው ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

«ሲመርቁት ያየ አለ?»

«እግዜር አይቷል።»

«ለእግዜር መጥሪያ አንልክለት፣ አባባ። ማሽኑ የርስዎ ነው ብሏል።»

ማሽኑ እኮ ምራቁ የማን እንደሆነ እንጂ ለምን እንትፍ እንደተባለ አልተናገረም። ይህንኑ በማመልከቻ ጻፍኩ፣ ደግሜም ጻፍኩ... ሰሚ ጠፋ። ሚስታቸው ለአስማረ ተዝካር እንጀራ ተሸክማ ብትሄድ ቤተሰቦቹ ከደጅ መለሷት።

በመጨረሻ የሟቹ ስልክ ሌላ ሰው እጅ ተገኘ፣ ሰውየውም መግደሉን አመነ። አያን ግን ይቅርታ ያላቸው የለም። ትናንት ከበሩ ሲወጡ ከስተው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይሄን ነው፦

«ምራቄንስ መለሱት?»

የሸኛቸውን ፖሊስ «የምራቃቸው ውጤት ከመዝገብ ይሰረዝላቸዋል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«በሱ ላይ መመሪያ አልወረደም» አለኝ።

ያኔ ያስፈረምኳቸውን ወረቀት ኮፒ ከኪሴ አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ስለ መሰረዝ አንድም ቃል የለውም። አፈርኩ።

ባጃጅ ከመግባታችን በፊት እንደ ልማዴ ልመረቅ ጎንበስ አልኩ። አያ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሸፍነው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«በቃል ይብቃህ፣ የኔ ልጅ። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ያስጥለኛል?»

ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል ብዬ ነበር... ለካ የገዛ ምርቃቱ ያስፈራዋል።