ሁለት ጊዜ የተሰማ ደወል

ሐኪሙ መጠጥ ለማቆም በኢንተርኔት የሚሰበሰብ ቡድን እንድገባ ሲነግረኝ ተናደድኩ። አስተባባሪዋ «ስሜትህን አካፍለን» ስትለኝ ስሜቴ ስልኩን መወርወር ነበር። ደግነቱ ስም አይጠየቅም፣ ካሜራም አይከፈትም።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ድምፁ በኔትወርክ የሚቆራረጥ ሰው «እኔን የሚከብደኝ የማኅበር ቀን ነው። ጠላውን እንቢ ማለት ጽዋውን መናቅ ይመስለኛል» እያለ ሳለ የሰፈራችን ሚካኤል ደወል ተደወለ። በመስኮቴ የሰማሁትን ደወል ትንሽ ቆይቶ በስልኬም ሰማሁት። ሰውየው እዚሁ አሰላ፣ እዚሁ ሰፈሬ ነበር። ስልኩን ለመዝጋት ቃጣኝ። ግን ተራዬ ደረሰ፤ ማይኩን ስከፍት ገና ያላባራው ደወል ከድምፄ ጋር አብሮ ገባ። «እኔም የምፈራው እሱኑ ነው» አልኩ።

የሚካኤል ማኅበር ቀን ደረሰ። ጠላ መቀዳት ሲጀምር እኔ ጋ እስኪደርስ ስንት ሰው እንደቀረ ቆጠርኩ። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ የጠላውን ጆግ አስቀምጠው ከኋላቸው ሌላ አነሱ። ያልፈላ የማር ብርዝ ነበር። ብርጭቆዬን ሞሉልኝ።

ቀጥለው ከዚያው ጆግ ለራሳቸው ቀዱ።