ከእትዬ ዘነበች የሕይወት ታሪክ የተሰረዘው መስመር

የበርበሬ በረንዳዋ ነጋዴ፣ የብዙ ዘፈኖች ግጥም ደራሲ እትዬ ዘነበች ባለፈው ሐሙስ ማረፋቸውንና ቅዳሜ መቀበራቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ እገልጻለሁ። ይህን የምጽፈው በሐዘን ብቻ አይደለም፤ ተናድጃለሁ። ከሁሉ በፊት የተናደድሁት በራሴ ነው።

ግጥም መጻፍ የተማርሁት ከእሳቸው ነው። መጀመሪያ ሱቃቸው የሄድሁ ዕለት ዛላ በርበሬ እየመረጡ ነበር። እጃቸውን ጠርገው ወረቀቴን አነበቡት። የፍቅረኛዬን ዓይን በኮከብ፣ አንገቷን በሚዳቋ መስዬ ነበር። ሚዳቋ አይቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አዲስ ከተማ ነውና ከዘፈን በቀር የትም አላየኋትም አልኋቸው። ስቀው ወረቀቱን መለሱልኝ። «ያልነካኸውን ነገር ምሳሌ አታድርግ፤ ሰሚው ውሸትህን ያውቅብሃል» አሉኝ።

የእሳቸው ምሳሌ ሁሉ የሚመጣው በእጃቸው ከሚዳስሱት ነበር። አንድ ቀን ለደንበኛ መዝነው እንደጨረሱ ብዕር ተቀብለውኝ ይህን ጻፉ፦

እንደ ሚዛን ድንጋይ ቆሜያለሁ ከደጅህ፣
ሌላ ልትመዝን ነው የሚያነሳኝ እጅህ።

የሚዛን ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ይነሳል፣ ማንም ግን ገዝቶ ወደ ቤቱ አይወስደውም። ያልተፈቀረችን ሴት ከዚህ አብልጦ የገለጸ ስንኝ እኔ አላውቅም። አንድ ዘፋኝ ወስዶ ዘፈነውና በየታክሲው ተሰማ። ካሴቱ ሲወጣ ግን ሽፋኑ ላይ «ግጥም፦ የሕዝብ» ይል ነበር። እንዴት ዝም ይላሉ ብላቸው «ሕዝቡ ከዘፈነው ምን ጎደለብኝ?» አሉ። ይበሉ እንጂ፣ ሽፋኑን እያገላበጡ ስማቸውን ሲፈልጉ አይቻለሁ።

ግጥማቸውን ግን ለሰው አይሰስቱም ነበር። ሚስቱ የኮበለለችበት አንድ ተሸካሚ የዕርቅ ግጥም ሲለምናቸው፣ ደንበኛ አስቁመው ጽፈውለታል። ሴትዮዋም ተመልሳለች።

የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ያዘዘችኝ ልጃቸው አልማዝ ናት። ስለ ግጥሞቻቸው አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፍሁ። ከቀብሩ በፊት የዕድሩ ዳኛ ወረቀቱን አይተው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የዘፈን ነገር አይነበብም አሉ። እኚህ ሰው በልጃቸው ሠርግ ላይ በዚያው ዘፈን እስክስታ ሲወርዱ ዓይኔ አይቷል። ይህን ልናገር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ብዕሬን አወጣሁና በገዛ እጄ ሰረዝሁት። «ታታሪ ነጋዴ ነበሩ» ተብሎ ተነበበ፤ አበቃ።

የሱቅ ጎረቤታቸው ሐጂ ከድር ውጭ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ስለ ግጥሙ ምን ተባለ ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልተባለም አልኋቸው።

«ታዲያ ማንን ነው የቀበራችሁት?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው እስከ ዛሬም ያቃጥለኛል። ዘፋኙ ስማቸውን ቢያስቀር ጥቅሙን አስቦ ነው፤ እኔ ተማሪያቸው ምን አስቤ ነው? አንድ ሽማግሌ ፊቱን እንዳያጠቁርብኝ ብዬ! ሠርጋችንን በእሳቸው ቃል እያደመቅን፣ ቃላቸውን ደጅ የምናስቀር እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። ለመቃብርዎ ከሚቆመው እብነ በረድ ላይም ዳኛው «ነጋዴ» ብቻ እንዲባል ፈልገው ነበር። ከአልማዝ ጋር ሆነን እምቢ አልን። ትናንት ጠራቢው ዘንድ ቆሜ እያንዳንዱን ፊደል አስቀርጫለሁ፦ «ዘነበች፣ ባለ ግጥም»። በሰላም ይረፉ እትዬ። ቅር ያለው ሰው ካለ መዶሻውን ይዞ ይምጣ፤ እዚያው ያገኘኛል።