ለልጆቹ የተከፈተ ካርቱን

ዛሬ ከሰዓት አማን ከተማ ቤቴ ቁጭ ብዬ ካርቱን ሳይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ አባዬ ትዝ አለኝ።

ልጆች ሆነን ሚዛን ከተማ ስንኖር አባዬ ካርቱን ነፍሱ ነበር። ግን የቸርች ሽማግሌ ነው፤ ያኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ካርቱን ሲያይ ከተገኘ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ለልጆቹ ከፍቼላቸው ነው» ይላል።

አንድ ቀን ሳይታሰብ ዘነበ። ግቢው ውስጥ የተሰጣው ቡና እንዳይርስ እማዬ ተጣራች፤ ሁላችንም ሸራ ለማልበስ ሮጠን ወጣን። አባዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ዳክዬ ነፋስ የወሰደባትን ባርኔጣ እያባረረች ነበር።

አብሮት ቸርች የሚያገለግሉት ጋሽ ተሰማ ዝናቡን ሸሽተው ሲገቡ፣ እኔም በስብሼ ከኋላቸው ደረስኩ። አባዬ ብቻውን ከት ብሎ እየሳቀ ነው።

«ለልጆቹ ነው» አለ ደንግጦ።

ጋሽ ተሰማ ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አራግፈው አጠገቡ ተቀመጡና «እንግዲያው እስኪመጡ እንጠብቃቸዋ» አሉ።

«እኔ መጥቻለሁ እኮ!» አልኩ።

ማንም አልዞረም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳክዬዋ ባርኔጣዋን እስክታገኝ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ዛሬም በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት።

«ካርቱን ነው እንዴ የምታዪው?»

«ለልጆቹ ነው» አልኳት።

ልጅ የለኝም፤ እሷም ታውቃለች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀችና «እስቲ ጠጋ በዪልኝ» አለችኝ።