ቀንዳሙ ዓሣ

የልጆች ግጥሞቼን መድረክ ላይ ሳቀርብ ያየ ሰው፣ «ተመልካቹ እንዲህ በጥያቄ ሲያጣድፍሽ ለምን ትፈቅጂለታለሽ?» ይለኛል። ጥፋቱ የአሰብ ነው።

አሰብ አስተማሪ ሳለሁ የንባብ መጽሐፋችን ስለ ውርጭና ስለ ገብስ ማሳ ያወራ ነበር። ላብ በላብ ሆኖ ለተቀመጠ ልጅ ውርጭ ምኑ ነው! ተናደድኩና ስለ ባሕርና ስለ ፍየል የራሴን ግጥም እየጻፍኩ፣ እየዘለልኩ፣ ድምፄን እየቀያየርኩ እልላቸው ጀመር። ልጆቹ አበዱ። አባቴ ግን አልወደደውም።

አባቴ ከወሎ የወረደ ባለሱቅ ነው፤ ለቀልድ እንኳ አይዋሽም። «ያልሆነውን ሆነ እያሉ አደባባይ ላይ መዝለል ምን የሚሉት ሙያ ነው?» አለኝ። ብለምነው ብለምነው፣ «እሺ፣ የወላጆች ቀን መጥቼ አያለሁ። ካሳፈርሽኝ ትተይዋለሽ» አለ። ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

ቀኑ ደረሰና፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ግቢው ሞላ። አባቴ ከፊት ተቀመጠ። ወጣሁና፣ «ወሬ አለኝ፣ ስሙኝ!» ብዬ ጀመርኩ።

«ከበይሉል ባሕር ወጣልን አንድ ዓሣ፣
ቀንዱ የፍየል ነው ጎፈሩ የአንበሳ።»

ልጆቹ ሲንጫጩ የአንዷ ተማሪዬ አያት፣ ከበይሉል የመጡ የአፋር ሽማግሌ፣ ብድግ አሉ።

«ማን አየው?» አሉ ኮስተር ብለው።

ክው አልኩ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚሉትን የወሬ ልውውጥ ሳያደርጉ አይተላለፉም። ወሬ አለኝ ያለ ያየውን ይናገራል፤ ሰሚው ማን እንዳየው ጠይቆ ያጣራል። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው። እኔ ደግሞ በሰው ፊት፣ በገዛ አገራቸው ወሬ! አባቴን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። አበቃልኝ አልኩ። አፌ ግን ቀደመኝ፤

«ያየችው ፍየል ናት ዘመዴ ነው ብላ፣
ሰላም ልትል ወርዳ ቁርሷን ሳትበላ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ፍየሏስ የማን ናት?»

«የኛ ናት!» አለች የልጅ ልጃቸው ከኋላዬ። «የለም፣ የኛ ናት!» አለ ሌላው። እሳቸው እየጠየቁ፣ እኔ እየገጠምኩ፣ ልጆቹ እየተቀበሉ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ በየትኛውም መድረክ አላገኘሁትም።

አባቴ ግን ቤት እንደደረስን መብራቱን አጥፍቶ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ሱቅ ሄድኩ። ከራሔይታ የመጣ ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ «አሰብ ምን ወሬ አለ?» ይለዋል። አባቴ ስኳሩን እየመዘነ፣ ፊቱን ሳይፈታ፣ «በይሉል ላይ ቀንድ ያለው ዓሣ ወጥቷል» አለ።

«አጃኢብ! ማን አየው?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ» አለ።