ወንድሜ ቆልፎት የሄደው ላፕቶፕ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ወዳጆች በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። አዘጋጆቹ ራሳቸው ወጣቶቹ ናቸው፤ ያወቀውን ለሌላው ማካፈል የፈለገ ሁሉ ወጥቶ ይናገራል። ታናሽ ወንድሜ ከዚህ ጉባኤ ቀርቶ አያውቅም። እኔ የሄድኩት እሱ ካረፈ በኋላ ነው፤ ላፕቶፑን በቦርሳ ይዤ።

መምህርት ነኝና ምክንያቴን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ወንድሜ ክረምት ላይ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በቤታችን ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሳው እሱ ስለነበረ የራሱ ምስል የለንም ማለት ይቻላል። ለለቅሶው ያሳተምነው ትልቁ ፎቶ እንኳ ከመታወቂያው ላይ የተነሳ ነው። እናቴ የምትፈልገው ግን ድምፁን ነው። በገና ዋዜማ ዶሮ ስትገነጥል ቀርጿት ነበር። ከካሜራው ጀርባ ሆኖ፣ “እማዬ፣ አሥራ ሦስተኛውን ብልት ከየት አመጣሽው?” እያለ ያበሽቃታል፤ እሷም በቢላዋ ትዝትበታለች። ስልኩ ስለሚሞላበት ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ እያዛወረ ከስልኩ ያጠፋ ነበር። ላፕቶፑን ደግሞ በይለፍ ቃል ቆልፎታል።

ከሰፈራችን ከአራብሳ ስነሳ እናቴ ታክሲ መያዣው ድረስ ሸኘችኝ።

“ጓደኞቹ አይደሉ? ይከፍቱልሻል፤” አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ላፕቶፕ በስቲከር ተሸፍኗል። የምፈልገው ተናጋሪ ስለ መረጃ ጥበቃ የሚያስረዳው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አነጋገሩ ግልጽ ስለሆነ ለተማሪዎቼ የሚሆን ምሳሌ እየያዝኩ አዳመጥኩት። ቤት ሲቆለፍ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ነው፤ በሩን የሰበረ ያገኘዋል። የኮምፒውተሩ አቆላለፍ ግን ዕቃውን ራሱን እንደ ዱቄት ይፈጨዋል፤ መልሶ የሚያገጣጥመው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው።

ጥያቄ ሲፈቀድ እጄን አወጣሁ። አንዲት ልጅ ማይክ ይዛልኝ ቆመች።

“የይለፍ ቃሉ የማይታወቅ ላፕቶፕ በምን መንገድ ይከፈታል?”

“መጀመሪያ ላፕቶፑ የማን ነው? ሌባ እንዳሠለጥን አልተፈቀደልኝም፤” አለ ተናጋሪው። አዳራሹ ሳቀ።

“የወንድሜ ነው።”

“ታዲያ ወንድም ለእህቱ ፓስዎርድ ይደብቃል? ጠይቂው እንጂ።”

“ሞቷል፤” አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ልጅቷ ማይኩን መልሳ መውሰድ ስለረሳች ትንፋሼ በድምፅ ማጉያው ይሰማ ነበር።

ለሻይ ስንወጣ ተናጋሪው ፈልጎኝ መጣና ይቅርታ ጠየቀኝ። ላፕቶፑን ከቦርሳዬ ሳወጣው ክዳኑ ላይ ያሉትን ስቲከሮች አይቶ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

“የእሱ እህት ነሽ? ነፍስ ይማር። አልሰማሁም እኮ።”

መስኮት ላይ አስቀምጦ አበራው። የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ጥቁር ስክሪን ጥቂት አየና መልሶ አጠፋው።

“ዲስኩን አውጥተን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብንገጥመውስ?” አልኩት።

“እሱም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር፤ አምና፣ እዚሁ ኮሪደር ላይ። ‘አንተ ራስህ ብትሞክር ትከፍተዋለህ?’ አለኝ። አልችልም ስለው ደስ አለው።” ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመው። “በደንብ ነው የሠራው፣ እህቴ። አንድ ቀዳዳ አልተወም። የእሱ ዓይነት ሰው የይለፍ ቃል ደግሞ በግምት አይገኝም።”

ወንድሜን እያመሰገነው ነበር። አመሰግናለሁ አልኩት።

ቤት ስደርስ እናቴ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ትጠብቀኝ ነበር። የዱቄቱን ምሳሌ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

“እኛ እንዳናየው ነው የቆለፈው?”

“አይ፣ እማዬ። ቢሰረቅ ሌባ እንዳያየው ነው።”

“ሌባ የእኔ ዶሮ መገንጠል ምን ያደርግለታል?”

ላፕቶፑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሷም ቀሚሷን አስተካክላ ጠጋ አለችኝ።

“ቃሉን ብንሳሳት ይበላሻል?”

“አይበላሽም። የፈለግነውን ያህል መሞከር እንችላለን።” ይህ እውነት ነው። ተናጋሪው መጨረሻ ላይ ያለኝን ግን አልነገርኳትም።

“በይ ክፈችው፤” አለች፤ ሕፃን ሳለ ትጠራው የነበረውን ስም ነገረችኝ። ጻፍኩት፤ አልተቀበለውም። ቀጥላ ላምበረት ተከራይተን ስንኖር የነበረችውን ውሻ ስም አለች። አልሆነም።

አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ትቀመጣለች። “ዛሬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤” ትላለች። ቃሉን ከማውጣቷ በፊት ታሪኩን ታወራልኛለች፤ ከአጥር ወድቆ የተሰፋበትን፣ ፈተና ወድቆ ለእኔ ብቻ የተናገረ መስሎት እሷ የሰማችበትን። ከዚያ እጽፋለሁ። ቶሎ እንዳያልቅ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተጫንኩ ነው የምጽፈው።

“አይደለም?” ትለኛለች።

“አይደለም፣ እማዬ።”

“እንግዲያው ሌላ አስባለሁ፤” ትልና መብራት ሳይጠፋ ብላ ቻርጀሩን ራሷ ትሰካዋለች።