ሁለት ሊትር አልኮል

የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ምንም አይጎድለውም። አርባ ስምንት የሙከራ ቱቦ፣ ስድስት ሚዛን፣ ዘጠኝ ኮምፒውተር ከነላስቲኩ፣ ጠርሙሶች ከነማሸጊያቸው፤ አንዱም አልጠፋ፣ አንዱም አልተሰበረ። የዚህ ሁሉ ምስጋና የንብረት ጠባቂዋ ነው። ተማሪዎች ከጀርባቸው «እትዬ ቁልፌ» ይሏቸዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የላብራቶሪውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ኖረዋልና።

ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራ ሲጀምሩ የፈረሙት ወረቀት «ለጎደለው ተጠያቂ ነኝ» ይላል እንጂ «ለተማሪ አሳያለሁ» የሚል መስመር የለበትም። መምህር መጥቶ ቱቦ ሲጠይቃቸው «ቢሰበርስ?» ይሉታል። እሱም ፎርም መሙላቱን፣ ማስፈረሙን፣ መልሶ ማስረከቡን ያስብና «ይቅር፣ ሰሌዳ ላይ እስልላቸዋለሁ» ብሎ ይመለሳል። የኬሚስትሪው መምህር ትነትን አሥራ አምስት ዓመት በጠመኔ አስተማረ። የኮምፒውተሩ መምህር ማውስ የሚያስተምረው በሰሌዳ ማጥፊያ ነው፤ ልጆቹ ማጥፊያውን ዴስክ ላይ እየገፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል፣ ፈተናም ያልፋሉ። ላብራቶሪው ለእነሱ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የእትዬ የገዛ ልጅ እንኳ እዚያው ስትማር «እማዬ፣ አንዴ ብቻ ልይ» ብላ ለምናቸው፣ ፈተና ላይ የሚመጣው መጽሐፉ ነው ብለው መልሰዋታል።

ጡረታቸው ደረሰና የርክክብ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ አባሉ የኬሚስትሪው መምህር፣ ጸሐፊው የኮምፒውተሩ መምህር ሆኑ። ርክክብ ካልተፈረመ ክሊራንስ የለም፤ ክሊራንስ ከሌለ ጡረታም የለም። እትዬ ግን ሐሳብ አልገባቸውም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የሚመሰገን ሰው ሆነው ቆሙ።

ቱቦው ተቆጠረ፣ ልክ ነው። ሚዛኑ ተቆጠረ፣ ልክ ነው። ላስቲኩ ሳይገለጥ ኮምፒውተሩም ልክ ሆነ። መጨረሻ ላይ ከላይኛው መደርደሪያ የአልኮሉ ጠርሙስ ወረደ። ጸሐፊው ከቢሮ ያመጣውን ዝርዝር እያየ «ሁለት ሊትር» አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ያለው ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም።

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገና የጠጪ ቅላት የሚፈልግ ይመስል የእትዬን ዓይን አተኩሮ ተመለከተ። ወሬው ከሰዎቹ ቀድሞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያው ውስጥ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ተብሎ ተተረተ፤ አንዱ ቀልደኛ ደግሞ እትዬ መብላቱን ትተው ጠጡት አለ። በሕይወታቸው ጠላ እንኳ ቀምሰው የማያውቁት ሴትዮ በስልሳ ዓመታቸው የአልኮል ሌባ ተባሉ። ያንን ቀን እህል በአፋቸው አልዞረም።

በማግስቱ ኮሚቴው ላብራቶሪው ውስጥ ሲሰበሰብ እትዬ ቀድመው ተናገሩ።

«ሁለት ሊትር ነው ያለው ማነው?»

«የቢሮው ኮምፒውተር ነው እትዬ» አለ ጸሐፊው፣ እንደ ማዘን ብሎ።

«ለኮምፒውተሩስ ማን ነገረው?»

«እኔ ነኝ። ከድሮው መዝገብ ላይ ገለበጥኩት።»

«ጠርሙሱን አይተህ?»

«እንዴት አየዋለሁ? ተቆልፎ ነበር እኮ።»

እትዬ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳሰሱ። ወደ ኬሚስትሪው መምህር ዞረው፣ በየዓመቱ በግድግዳው በኩል እሰማው የነበረው ነገር ምን ነበር፣ ፈሳሽ ሳይፈላም ወደ አየር ይሄዳል ይሉ አልነበር ወይ ብለው ጠየቁት። መምህሩ ጣራውን አየ። እሱ ነገሩ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ገጹም አለ፤ ነገር ግን በዚህ ትምህርት ቤት በተግባር አልተረጋገጠም አለ። አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረውን ሊመሰክርለት ፈራ።

እትዬ ጠርሙሱን አነሡ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያልነካው የሰም ማሸጊያ ገና ሲነኩት እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ፤ ቡሹም ተሰንጥቋል። አንዲት ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። ሦስቱም አጎነበሱ። ጠብታዋ ጠርዟ ሳሳ፣ ጠበበች፣ ጠፋች። ጠረጴዛው ደረቅ ሆነ። ጸሐፊው ጣቱን ልኮ ዳሰሰና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

ምክትሉ ቃለ ጉባኤው ላይ «በኮሚቴው ፊት ተጨማሪ አንድ ጠብታ ጎድሏል» ብሎ ጻፈ። ሆኖም ጨካኝ ሰው አልነበረም። ብዕሩን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ነገር አናክርር። ውሃ ሞልተን እንዝጋው። መልኩ አንድ ነው፤ ዝርዝሩም ልክ ይመጣል፣ እርስዎም በክብር ይሸኛሉ።»

እውነቱን ለመናገር እትዬ አመነቱ። ክሊራንሱ ተጽፎ ማኅተም ብቻ ቀርቶት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የሚተካቸው ሰው ውሃ ሲጠብቅ፣ ሲያሽግ፣ በተራው ጡረታ ሲወጣም ሲያስረክብ ታያቸው። ያኔ ጠርሙሱን አቅፈው ወጡ፤ ኮሚቴውም ቃለ ጉባኤውን ይዞ ተከተላቸው።

ጎረቤት ክፍል ውስጥ የኬሚስትሪው መምህር ተማሪዎች መምህራቸውን እየጠበቁ ይንጫጫሉ። እትዬ ገብተው እጅ ዘርጉ ሲሏቸው ቅጣት መስሏቸው ፊታቸውን እያጨማደዱ ዘረጉ። በየመዳፉ አንድ አንድ ጠብታ ጣሉላቸው። «ቀዘቀዘኝ» አለች ከፊት ያለችው። «ሄደ» አለ ሌላው፣ መዳፉን እያገላበጠ። ከዚያ ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ እጁን ማሽተትና መጠየቅ ጀመረ፦ ለምን ይቀዘቅዛል፣ የት ሄደ፣ ውሃስ እንዲህ ይሆናል ወይ። እትዬ አንዱንም መመለስ አልቻሉም። ልጃቸው ትዝ አለቻቸውና እንባቸው መጣ።

«መስረቁንስ ሰርቄያለሁ» አሉ ወደ ምክትሉ ዞረው፣ የልጆቹን መዳፎች እያሳዩ። «አልኮሉን ግን አይደለም። ይሄን ነው።»

ምክትሉ ሁሉን በመዝገብ መፈለግ ልማዱ ነውና፣ ይሄ ሲባል በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ጠየቀ። ጠርሙሱ ውስጥ ገና አልኮል አለ። የኬሚስትሪው መምህር ከልጆቹ መጨረሻ ተሰልፎ መዳፉን ዘረጋ። ጠብታዋ ስትነካው እንደ ልጆቹ ትከሻውን ሰበቀ፤ እስክትጠፋ ድረስም ዓይኑን አላነሣም።

«ለካ ይቀዘቅዛል» አለ።

«አያውቁትም ነበር?» አሉ እትዬ።

«ጽፌዋለሁ እንጂ አላውቀውም ነበር።»

ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ከምክትሉ እጅ ወሰደ። «ጎድሏል» የሚለውን ሰርዞ «ተንኗል፤ አይቻለሁ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት።